ይመርና ሉባባ የኖሩበት አገር

ባለፈው ቅዳሜ ለልጅ ልጄ ጫማ ላይላት መካነ ሰላም ገበያ ሄጄ፣ አንዲት ሴት ከአባይ በረሃ ያወጣችውን ማንጎ በማዳበሪያ ላይ ደርድራ አየሁና ጫማውን ረስቼ ቆምኩ። አንዱን አንስቼ ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው፣ ያ ከላይ ማር ከሥሩ የጥድ ሙጫ የሚመስል ሽታ እግሬን ያዘው። ሻጭዋ «እናቴ፣ ሽቶ አደረጉት እኮ! ይግዙኝ እንጂ!» ብላ ሰው አሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ስቄ ገዛኋት። ቤት እስክገባ ድረስ ግን ልቤ ከአጎቴ ከይመርና ከሚስቱ ከሉባባ ጋር ነበር።

ማንጎ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት በእነሱ ነው። መንግሥት የተለወጠበት ሰኔ ነበር፤ የደርግ ወታደር መለዮውን በየጥሻው እየጣለ ወደ እናቱ ቤት የሚሄድበት፣ አዲሶቹ ደግሞ ጸጉራቸውን አጎፍረው በቁምጣ የሚያልፉበት፣ እኛ ልጆች ማን ማን እንደሆነ ሳንለይ ለሁሉም ውኃ የምናቀብልበት ሰኔ። መንደራችን ከመካነ ሰላም ከፍ ብሎ ደጋው ላይ ነው፤ ከገብስና ከባቄላ ሌላ የማያውቅ፣ ጉሙ ከሰው እኩል ቤት ገብቶ የሚያድርበት አገር። ከአባቴ ጋር የእርሻውን ጓል ስንከሰክስ፣ ከአባይ በኩል ካለው አቀበት ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ፤ ማዳበሪያ የተሸከመ ወንድ፣ ጀሪካን ያዘለች ሴት፣ ከእኔ ትንሽ የምታንስ ልጅ። አባቴ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲያይ ቆየና የያዘውን ጣለው። ታናሽ ወንድሙ ይመር ነበር። በክፉው ቀን፣ ረሃቡ ሰዉን ሲጨርሰው፣ ወደ ወለጋ ለሰፈራ ከተወሰዱት አንዱ ነው፤ በመኪና ተጭኖ ከሄደ ወዲህ መሞቱንም መኖሩንም የሰማ አልነበረም።

እናቴ ከቤት እየሮጠች ወጥታ ሉባባን አገላብጣ ሳመቻት፤ ሲሄዱ በጀርባ ታዝላ የነበረችውን ልጃቸውን ዘምዘምንም አቅፋ አነሳቻት። ከዚያ ዐይኗ ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ባዶ መንገድ ፈለገ። «ሰይድስ?» አለች። ሰይድ የበኩር ልጃቸው ነው፤ ሲሄዱ የአባቱን ጣት ይዞ ነበር። ሉባባ ከተከሰከሰው አፈር ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ሁላችንም አወቅን።

ልጁ ከሞተ ዓመታት ቢያልፉም መንደሩ እንደ ትናንት ሟች ተቀመጠለት። ሸሆቹ ቁርአን ቀሩለት፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ንፍሯቸውን ይዘው መጡ፤ መልኩን የማያስታውሱት ሴቶች ሳይቀሩ አለቀሱለት። ከማዳበሪያው የወጡት ማንጎዎች በመንገድ ብዛት ጠቁረውና ተጨማደው ነበር፤ እኛ ልጆች ፍሬውን እስኪነጣ ድረስ መጠጥነው፤ አፋችን ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ ስንተያይ ሀዘን ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን፤ የተቆጣንም ሰው አልነበረም።

ሀዘኑ ሲነሣ ወሬው ተጀመረ። አገሩ እንዴት ነው? ይህን የማይጠይቅ ሰው አልነበረም። ይመር ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ከካቡ ሥር ይወጣል፤ ወንዶቹ ይከቡታል፤ እሱም ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ ይጀምራል። «ወላሂ፣ የመጥረቢያ እጀታ ብትተክል ያቆጠቁጣል! በቆሎው በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ይደብቃል። እዚያ ኩበት የምትለቅም ሴት የለች፣ እንጨቱ ራሱ ደጅ ድረስ ይመጣል።» ጎረቤታችን አያ አስናቀ ነገር አያልፈውምና «በእግሩ ነው የሚመጣው ይመር፣ ወይስ በበቅሎ?» ይለዋል፤ ካቡ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ይንከተከታል፤ ይመርም አብሮ ይስቅና ካቆመበት ይቀጥላል።

ሉባባ ደግሞ ከምንጩ ዳር፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ሲሞሉ፣ ስለዚያው አገር ሌላ ታወራለች። ዝናቡ አያባራም፤ ከልብስሽ ላይ ሻጋታ ስትጠርጊ ትውያለሽ፤ ትንኙ ወባ ነው፣ ሣሩ እባብ ነው፤ ጎረቤትሽ ቋንቋዋ ሌላ ነው፣ ደግ ብትሆንም ምን እንደምትልሽ አታውቂም። ሴቶቹ የባሎቻቸውን ወሬ ይዘው ይመጡባታል። «እቴ ሉባባ፣ ማሩስ? ማር እንደ ውኃ ነው ይላል እኮ ይመር!» ሲሏት፣ እንስራዋን እያጠበች ቀና ሳትል «ማሩማ አለ። ንቡንም ጨምሮ ያውራላችሁ እንጂ» ትላለች።

ምን ልበላችሁ፣ መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። እግሩ ወለጋን ያልረገጠ ሰው በቤቱ ከሚስቱ ጋር ስለ ወለጋ ይጣላ ጀመር። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ግን ሁለቱንም ሲሰማ ቆይቶ «እናንተ በአንድ ጎጆ ነው የኖራችሁት ወይስ በየፊናችሁ?» አላቸው።

የዘምዘምን አስተያየት ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከእኔ ጋር በአንድ ባና ሥር ነበር የምንተኛው፤ እኔ እህት የለኝም፣ ያሉኝ ወንድሞች ብቻ ናቸው፤ ማታ ማታ ጀርባዋን ለጀርባዬ ሰጥታ ስትንቀጠቀጥ፣ አላህ ለእኔ ብሎ የላካት ይመስለኝ ነበር። ነይ ማለት «ኮቱ»፣ ውኃ ማለት «ቢሻን» እንደሆነ አስተማረችኝ። መጀመሪያ በረዶ የወረደ ቀን እየጮኸች ቤት ገባች፣ ሰማዩ ድንጋይ ወረወረብኝ ብላ። በኋላ አንዱን አንስታ ላሰችውና ጨው አለመሆኑ አናደዳት። አሮጊቶቹ ጉንጯን እየሳሙ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ የኔ ልጅ» ሲሏት ወደ እናቷ ዞራ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ «አገራችን መቼ ነው የምንሄደው?» ትላለች። ሉባባ ፊቷን ታዞራለች። ለእሷ እኛ ነበርን ስደቱ፣ እኛ ነበርን ክፉው አገር።

እኔ ታዲያ የሉባባ ወገን ሆንኩ። ዘምዘም እንዳትሄድብኝ ሉባባ ማሸነፍ ነበረባት። ከእንቅልፌ ነቅቼ ውኃዋን እቀዳላታለሁ፣ ኩበቷን እለቅምላታለሁ፣ ካቡ ሥር ይመር ሲያወራ ደግሞ ሄጄ የሰማሁትን አንድ በአንድ እነግራታለሁ፣ መልስ እንድታዘጋጅ ብዬ።

ችግሩ መሬት ነበር። ይመር ሲሄድ የተወው መሬት ለሌላ ተሰጥቷል፤ የቀበሌው ሰዎች ሽግሽግ እስኪመጣ ጠብቅ አሉት፤ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። አባቴ ከጠባቧ እርሻው ጎን ቆርሶ ሰጠው፤ ወንድማማቾቹ ገብሱን አብረው ዘሩ፣ አብረው አረሙ። ዛላው ወተት መያዝ ሲጀምር ነው ጥቅምት ላይ ውርጭ የመታው። ጠዋት ስንነሣ እርሻው ስኳር የተነሰነሰበት ይመስል ያብለጨልጭ ነበር፤ ፀሐይ ስትወጣበት ጠወለገና ጠቆረ። ይመር ዛላውን በእጁ እያሸ ባዶ መሆኑን ካየ በኋላ ስለ አገሩ ማውራት ተወ። «ወለጋ እመለሳለሁ» አለ። ሉባባ ከሞትኩ በሬሳዬ እንጂ አልሄድም ብላ ማለች። ነገሩ ፍቺ ሊሆን ሲል ሽማግሌ ተጠራ።

ሽማግሌዎቹ ከመስጊዱ በታች ካለው ጥድ ሥር ተቀመጡ፤ ሸህ እንድሪስ ከመካከል፣ አያ አስናቀ በቀኛቸው፣ አባቴ ዳር ላይ። እኔና ዘምዘም ከመስጊዱ ካብ ኋላ ተቀምጠን እናዳምጣለን። ይመር ስለ በቆሎው ሊጀምር ሲል ሸህ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ።

«ይህን ክረምቱን ሙሉ ሰማነው። ደጉን ካንተ፣ ክፉውን ከእሷ። ዛሬ ይገላበጥ። አንተ ክፉውን ንገረን፣ አንቺ ደጉን።»

ይመር ወባ ብሎ ጀመረና አቆመ፤ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሸሁ፣ ክፉ ነው ካልኩ እኮ፣ ታዲያ ሰይድን ምን ልትሰጠው ወሰድከው ትሉኛላችሁ። ማን ይሄዳል ሲባል እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ እዚሁ እንሙት ብላኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ሸሁ ወደ ሉባባ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ?»

ሉባባ መሬቱን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። «ደግ አለ» አለች። «ጫልቱ የምትባል የአገሩ ሴት ነበረች። ልጄ ሲታመም ከአጠገቤ ሳትለይ አስታመመችልኝ፤ ባሏ መቃብሩን ቆፈረ። የምትለኝን አላውቅም፣ ግን ከእኔ ጋር አልቅሳለች። ስንመጣ ከብት እንዳይረግጠው እጠብቀዋለሁ ብላኛለች፣ በእጇ እያሳየችኝ። ግን አገሩ እሬት የለውም፣ ሸሁ። ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ሣሩ በአንድ ክረምት ዋጠው። ጫልቱም ሰው ናት፣ ነገ የለችም።»

እኛ ዘንድ መቃብር ላይ እሬት ይተከላል፤ በድርቅ አይሞት፣ ከብት አይነካው፤ ሰው የሞተበትን ሰው በእሱ ያገኘዋል። ሉባባ አሁን ስታለቅስ ድምፅዋ ጠራ። «ይመር ብቻውን ከሄደ ልጄን ያገኘዋል፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ማንን ላገኝ ነው? ከአባታችሁ መቃብር ላይ እሬት ንቀሉልኝ፤ እሄዳለሁ።»

ከካቡ ኋላ ዘምዘም እጄን ጨብጣ በደስታ ነቀነቀችኝ። እኔ የማደርገውን አጣሁ። አባቴ ተነሥቶ፣ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር ያወጣው፣ «እሺ ሂዱ፤ ዘምዘምን ግን ተዉልን» ሲል ከካቡ በላይ ብቅ አልኩ። ሉባባ ቀና ብላ አየችው። «አንዱን እዚያ፣ አንዷን እዚህ አድርጌ፣ እኔ በየት በኩል ዞሬ ልተኛ፣ አያ ሁሴን?» አለችው። አባቴ ቁጭ አለ። ሸሁ ዱአ አደረጉ፣ እኛም ከካቡ ኋላ ሆነን አሚን አልን፤ ዘምዘም ከልቧ፣ እኔ ከአፌ።

የተረፈችው እህል ከተወቃች በኋላ፣ ውርጩ ገና ሳይነሣ በማለዳ ሄዱ። በወለጋ ሲጣላ የከረመው መንደር በሶውንና ቆሎውን ቋጥሮ፣ መሬቱ ወደ አባይ እስከሚወድቅበት ገደል ጫፍ ድረስ ሸኛቸው። የእሬቱ ሥር ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ሉባባ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነበር። ያን አገር ሲያወድስ የከረመው ይመር ከአባቴ አንገት መላቀቅ አቅቶት አለቀሰ፤ ስትረግመው የከረመችው ሉባባ ቀድማ ቁልቁለቱን ጀመረች። ዘምዘም ከሁሉም ፊት እየሮጠች ወረደች፤ ወደ ሙቀቱ። አልዞረችም። ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም፤ ግን እስክትጠፋ ድረስ ትዞር ይሆናል ብዬ ቆሜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ላይ ሄደ። እሬቱ ያዘ የሚል ወሬ በመንገደኛ መጣ፤ ቆይቶ ሉባባ ከልጇ ጎን ተኛች ተባለ፤ ይመርም ተከተላት። ያን ጊዜም ተቀመጥንላቸው። ሞባይል ደጋችን ላይ ሲደርስ ደግሞ አንድ ቀን የማላውቀው ድምፅ «ኮቱ!» ብሎ ጠራኝ፤ ዘምዘም ናት፣ ባለትዳር፣ የልጆች እናት። ለዓመታት በስልክ ስንጨቃጨቅ ኖርን፤ እሷ ነይና አገሬን እዪ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ ነይ እላታለሁ። ስለ እኛ አገር ለልጆቿ ስታወራ፣ ሰማዩ ድንጋይ ይወረውራል ስትላቸው አያምኗትም አሉ። እመጣለሁ እያልኩ ዛሬ ዘር ነው፣ ነገ አጨዳ ነው፣ ልጄ ወለደች፣ ከብቱ ታመመ ስል ሳልሄድ ቀረሁ።

ከካቡ ሥር ያወሩ የነበሩት ሁሉ ዛሬ የሉም፤ ካቡም ፈርሷል። የእኔም ልጆች አንዷ ጅዳ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ሆነው የየራሳቸውን አገር ያወድሳሉ፣ ይራገማሉ፤ እሰማቸዋለሁ፣ ምን እየሸሸጉኝ እንደሚያወሩም አንዳንዴ ይገባኛል። የዘምዘም ስልክ ግን ከጠፋ ቆየ። የልጅ ልጄ ትደውልልኛለች፣ «አይሠራም እማ» ትለኛለች፣ ነገም እንደገና እንድትሞክር እነግራታለሁ።

ሬዲዮው ማታ ማታ ስለዚያ አገር ያወራል። አንዱ ሰላም ነው ይላል፣ ሌላው ሰላም የለውም ይላል፤ ለም ነው የሚልም አለ፣ አይኖርበትም የሚልም አለ። ሁሉንም እሰማለሁ፣ አንዱንም አልከራከርም። ጆሮዬን አስጠግቼ የምጠብቀው፣ እዚያ ዘምዘም የምትባል ሴት አለች፣ ደህና ናት፣ የሚል አንድ ሰው ነው።