ለአያ ዋለ ያለቀሰው ስልክ

እትዬ ስህንን የማያውቅ የሐይቅ ሰው ካለ፣ እሱ ቤት ሰው ሞቶ አያውቅም ማለት ነው። ሙሾ አውራጅ ናት። እኔ ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ስለሷ ሳወራ ግን ማን ይቀድመኛል! ሰው ሲሞት ዝም ብላ አትጮህም እሷ። መጀመሪያ ጎረቤት ለጎረቤት ትዞራለች። «ምን ይወድ ነበር? ምን ይፈራ ነበር? እጁ ምን ላይ ይውል ነበር?» ትላለች። ሟቹ ያልሆነውን አንዲት ቃል አትጨምርም።

ዓሣ አስጋሪው አያ ዋለ ይሄን ስለሚያውቅ፣ ሐይቁ ዳር መረቡን በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ እየሰፋ፣ ባለፈች ቁጥር ይጠራታል።

«ስህንዬ፣ ስሞት አደራ፣ ጀግና ነበር እንዳትይኝ። ሰው ይስቅብኛል።»

«አንተን? ውሻ የሚያባርርህን?» ትለዋለች። ይሳሳቃሉ። ግን አደራውን ተቀብላለች።

ዘንድሮ ሞተ። እንዳለ የሚባለው ልጁ በር የሚያህል ስፒከር አስጭኖ ከደሴ መጣ። እትዬ ስህን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ መሀል ልትቆም ስትል፣ ልጁ ከለከላት።

«ተቀመጪ እትዬ፣ አትልፊ። ስልኬ ላይ ያለው ኤአይ ሙሾ ሠርቶልኛል። በደቂቃ!»

«ማነው እሱ? አባትህን ያውቀዋል?»

«እሱ የማያውቀው ነገር አለ እንዴ!»

ከፈተው። ኧረ ጉድ! የሴት ድምፅ ነው፣ አምባሰል ቅኝት ነው አሉ። አምባሰልን በሚኒባስ መስኮት አይቶ ያለፈ ሰው የሚዘፍነው ዓይነት! «የአንበሳ ገዳዩ፣ የነጭ ፈረስ ጌታ» ይላል። አያ ዋለ በፈረስ! አህያ ላይ ሲወጣ እንኳ ዓይኑን የሚጨፍን ሰውዬ! ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ። አንዱ አመለጠው፣ ሳቀ። በለቅሶ ተሳቀ! ያ ምስኪን የፈራው ደረሰበት።

የአያ ዋለ ሚስት ፋሲካ ዓይኗ እንደደረቀ፣ «እንዳለ፣ ይሄ የማን ባል ነው?» አለች።

እሱ ደግሞ «ቆይ እማ፣ ሁለተኛው ይሻላል» ይላታል እንጂ! እኔ ስልክ ይጠላል እንዳትሉኝ፣ ከእጄ አይወርድም። ግን ስለ ገዛ አባትህ፣ አይቶት የማያውቅን ነገር መጠየቅ ምን የሚሉት ድንቁርና ነው? ተምሯል ተብሎ!

እትዬ ስህን ተነስታ ሶኬቱን ነቀለችው። መሀል ቆመች።

«በእግሩ ጣት ወጥሮ መረብ የሚሰፋ፣
ዓሣው ደስ ይበልህ፣ ዋለ ዛሬ ጠፋ።»

ፋሲካ ጮኸች። ያ የሳቀው ሽማግሌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እንዳለም ስልኩን ኪሱ ከትቶ አለቀሰ። ያንን ጣት እየጎተተ ነው ያደገው።

ከቀብር ተመልሰን እትዬ ስህን ንፍሮ ስታድል፣ እንዳለ ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ ያችን ግጥም ድገሚልኝ፣ ልቅዳት።»

እንዳላየች ሆና አለፈችው። ሄዳ አንድ እፍኝ ንፍሮ ስፒከሩ ላይ አስቀመጠች።

«ይብላ እንጂ» አለች፤ «ለአባትህ ያለቀሰው እሱ አይደል?»