ከጎማ ፊት የተነሱ ሸበጦች

«የቀጠርኩት ምላስሽን ነው። ጭንቅላትሽን ቤትሽ አስቀምጠሽው ነይ።»

ይህን አለቃዬ ያሉኝ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሹፌሮች እየሰሙ ነው። የመንግሥት የሥራ ደኅንነት ቢሮ ኃላፊ ናቸው፤ ሁሉም ማዳም ይላቸዋል። አማርኛቸውን በልጅነታቸው ከባቡር ሠራተኛ ጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ስለለቀሙት «እርስዎ» የሚባል ነገር አልገባበትም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚሉት። ያ አማርኛ ለወረቀት አይሆንም፤ አስተርጓሚ የፈለጉት ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ እዚህ ወደብ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ስንቆራጠጥ የምውል ሰው ነበርኩ። እናቴ ከፊቷ ዞር እንድልላት ብላ ነው የሥራ ማስታወቂያውን ያሳየችኝ።

ያናደድኳቸው በአንድ ሰሌዳ ነው። በባልባላ መንገድ ላይ፣ ከወደብ የሚጭኑ ከባድ መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት የግል ማቆሚያ አለ። ዛፍ የለውም፣ ጣሪያ የለውም። ድንበር ተሻግረው የሚመጡት ሹፌሮች «እኛ አገር ሐምሌ ዝናብ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ፤ እዚህ ሐምሌ አስፋልቱ ከእግር ሥር ይለሰልሳል። ጥላ ያለው ከተሳቢ ሥር ብቻ ስለሆነ ሹፌሩም ወዛደሩም እዚያ ገብቶ ይተኛል። ማዳም «ከመኪና ሥር መተኛት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ አሠርተው አማርኛውን እንድጽፍ ሰጡኝ። ጻፍኩ። ከዚያ፣ ማንበቡንስ ያነቡታል፣ ግን የት ይተኙ? አልኳቸው። ለሰሌዳ ብረት ያገኘ ቢሮ ለዳስ ሸራ አያጣም አልኩ። መልሳቸው ያ የምላስና የጭንቅላት ነገር ነበር። ሹፌሮቹ ሳቁ። አንዱ እንደውም፣ «እህቴ፣ ጭንቅላትሽን እኛ ጋ ተይው፣ እንጠብቅልሻለን» አለኝ።

ማዳምን ግን በዚህ ብቻ የፈረደባቸው ሰው አያውቃቸውም። ሥራ የጀመሩት በአንድ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ ሆነው ነው። የወዛደሩን ጣት ካሰሩለት በኋላ ጣቱ የተቀጠቀጠበትን ቦታ በእግራቸው ሄደው ያያሉ። የየድርጅቱን አለቃ እየዞሩ ስለነዘነዙ የበላዮቻቸው ወደ ቁጥጥር ሥራ አዛወሯቸው፤ የተገላገሏቸው መስሏቸው ነበር። ሲሚንቶ ተሸካሚው አፍንጫ መሸፈኛ ያገኘው በእሳቸው ጭቅጭቅ ነው። አንድ ጊዜ የክሬን ገመድ አርጅቷል ብለው ሰሚ ሲያጡ ከጭነቱ ሥር ሄደው ቆሙ አሉ፤ «እስኪ አሁን አንሱ» ብለው። የሚያነሳ ጠፋ። ገመዱ በዚያው ቀን ተቀየረ።

እኔ ስደርስ ግን ቁስል ካዩ ቆይተዋል። ስብሰባ ነው፣ ሰሌዳ ነው፣ ፎቶ ነው። ከፍ ያለ ሹመት ሊሰጣቸው ስለታሰበ የበላይ እንግዶች ያንን ማቆሚያ እንደ ምሳሌ ሊጎበኙት ሆነ። በዚያ ጠዋት ማዳም መሬት ላይ የተጣለ ነገር ሁሉ ይነሳ ብለው አዘዙ፤ ትእዛዙን ለጥበቃዎቹ በአማርኛ የነገርኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ቆሜ ማየት አልችልምና ከረጢት ይዤ አብሬ ለቀምኩ። ጀሪካን፣ ካርቶን፣ የጫት እንጨት። ከፊት ጎማዎች ፊት ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሸበጥ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሸበጣቸውን እንኳ መሰብሰብ አቃታቸው ብዬ እያጉረመረምኩ ሁሉንም ከረጢት ውስጥ ጨመርኩት።

እንግዶቹ መጡ፣ አደነቁ፣ ሄዱ። ገና ከመውጣታቸው አንድ ሹፌር ተራው ተጠርቶ መኪናውን አስነሳ። ሌሊቱን ሲጭን ያደረ አንድ ወዛደር ከተሳቢው ሥር ተኝቶ ነበር። የኋላ ጎማ ቀኝ እግሩ ላይ ወጣ።

በማግሥቱ ቃሉን እንድቀበል ሆስፒታል ላኩኝ። ወረቀቱን ማዳም በፈረንሳይኛ ጽፈው ጨርሰውታል፤ የቀረው የሰውየው የጣት አሻራ ነው። «በተከለከለ ቦታ ተኝቶ» ይላል። ይህ ማለት ጉዳቱ የሥራ ጉዳት አይደለም ማለት ነው፤ ቀጣሪው የሕክምናውን ወጪ አይችልለትም፣ ሲድን ተቀምጦ የሚሠራው ሥራም አይሰጠውም። በክራንች ወደ ባልባላ ቤቱ፣ በቃ።

ሰውየው አባቴን ያህላል። ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? ብዬ ሳልጨርስ እሱ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ ሸበጤን ማን አነሳው?»

አልገባኝም። አስረዳኝ። ከተሳቢ ሥር የሚገባ ሰው ሸበጡን አውልቆ በሹፌሩ በኩል ካለው የፊት ጎማ ፊት ያስቀምጣል። ሹፌር ወደ መሪው ከመውጣቱ በፊት እዚያ ያያል፤ ሸበጥ ካለ ሰው አለ፣ ይቀሰቅሳል። ሸበጥ ከሌለ ይነዳል። ማቆሚያው ካለ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ የማያውቅ ሹፌር የለም። ሹፌሩ እንዴት አላየም እያለ ሌሊቱን ሲያብሰለስል ማደሩን ነገረኝ።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኩት።

በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ከዚያ፣ «እንኳን ነገርሽኝ» አለ። «ሹፌሩን ስረግም ነው ያደርኩት።»

የማዳምን ወረቀት አጥፌ ከተትኩና ሌላ ጻፍኩ። እሱ ያለውን እንዳለ፣ ሸበጡን ማን እንዳነሳ፣ ማን እንዳዘዘ፣ የእኔንም ስም። አነበብኩለት፣ አሻራውን አኖረበት። ቢሮ ገብቼ ትርጉሙን በፈረንሳይኛ አያያዝኩና ማዳም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይህን የሸበጥ ነገር ማንም ነግሯቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። አልጠየቁማ፣ አልኳቸው። እኔም አልጠየቅኩም።

«እኔ ከወደቅኩ ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ከመኪናው እንኳ አይወርድም» አሉኝ። «ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ምክትላቸው ነው፤ ጫማው አቧራ ነክቶት አያውቅም። ያንገበገበኝም እውነታቸውን መሆኑ ነው። መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ቁጭ በይ አሉኝ፣ አልቻልኩም። ሰውየውን ሄደው ይዩት አልኳቸው። ድሮ ያዩ ነበር አይደል፣ እዚህ ቅርብ ነው፣ አሁን እንሂድ። ቦርሳቸውን ጎተት አደረጉ፤ ሊነሱ ነው ብዬ ነበር። መልሰው አስቀመጡት። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

«አልፈርምም። መዝገብ ቤት ከሰጠሽው ደግሞ ነገ አትምጪ።»

«እሺ ማዳም» አልኩ።

መዝገብ ቤቱ ታች ነው። ቁጥር ከተሰጠው ወረቀቱ ጉዳቱን ለሚመረምረው ኮሚቴ ይሄዳል፤ ማንም፣ ማዳምም ቢሆኑ፣ መልሶ አያወጣውም። ጸሐፊው የማዳም ፊርማ የት አለ? አለኝ። የሰውየው አሻራ አለ፣ ቃሉም የእሱ ነው አልኩት። ወደ ደረጃው ቀና ብሎ አየ። እኔም አየሁ። ማዳም ከላይ ቆመዋል፣ እጃቸው መደገፊያው ላይ፤ አትቀበላት አላሉትም። ጸሐፊው ማኅተሙን አንስቶ መታው፣ ቁጥሩንም ጻፈበት።

አንዱን ቅጂ ለሰውየው ልወስድለት ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።