ያለ ወቅቱ የተገለጠው ግብረ ሕማማት

እኔ ሰው ላይ መቆጣት ይቀናኛል፤ በዚህ ነገር ግን የምቆጣው ራሴን ነው። ዘመኑ የጣሊያን ነው። አገራችን ከደብረ ኤልያስ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ቄስ ነበሩ፤ የደብራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነበር። መጽሐፉ፣ መስቀሉ፣ ካባው ሁሉ እዚያ ነው የሚቀመጠው። እኔ ዲያቆን ነበርሁ፤ የተጎዳ ብራና እጠግን ስለ ነበር ከእሳቸው ሌላ እዚያ ቤት የምገባው እኔ ብቻ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጫካ ሊገባ ሲል ከአራት ጓደኞቹ ጋራ ጠመንጃ ይዘው ፎቶ ተነሥተው ነበር። እናቴ ፎቶውን ሰጥታኝ ደብቅ አለችኝ። ፍተሻው ቤት ለቤት ነው፤ ፊታቸው ከታወቀ የአምስቱም ቤት ይቃጠላል፣ ፎቶው የተገኘበትም ሰው ይሰቀላል። እኔ ብልጡ ምን አደረግሁ? ለአጎቴ እንኳ ሳልነግር ግብረ ሕማማቱ ውስጥ ከተትሁት። ከፋሲካ በፊት ካለችው ሳምንት በቀር ማን ይገልጠዋል? ጊዜው ገና ታኅሣሥ ነበር። በብልሃቴ ኮርቼ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ጣሊያን የእኛን ወቅት አያውቅም፤ ይህን አላሰብሁትም። በሳምንቱ አንድ መኮንን ከአስተርጓሚና ከሁለት ወታደር ጋራ መጣ። ባገሩ ላለ ትልቅ ትምህርት ቤት፣ ለቤተ መዘክሩ፣ የጥንት መጻሕፍት የሚመዘግብና ፎቶ የሚያነሣ የተማረ ሰው ነው ተባለ። አጎቴ ዳዊቱንና ተአምረ ማርያሙን አሳዩት። የእሱ ዓይን ግን ከሁሉ ትልቁ፣ ግብረ ሕማማቱ ላይ አረፈ። አጎቴ ይህ ያለ ወቅቱ አይገለጥም ብለው ተከራከሩ። ምን ያድርጉ፣ ውስጡ ያለውን አያውቁ! መከልከላቸው ይበልጥ አስጠረጠረ፤ ወታደሮቹ በሩን ያዙ። እኔ፣ ለሰው መልስ የማላጣው ሰውዬ፣ ያን ዕለት ከአትሮንሱ ጎን ሄጄ ቆምሁ።

መጽሐፉ አትሮንሱ ላይ ተዘረጋ። መኮንኑ ቅጠል በቅጠል ይገልጣል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይጽፋል። የፎቶው ጫፍ በቆምሁበት በኩል ብቅ ብሎ ይታየኛል። ሦስት ቅጠል ቀረው፤ ሁለት ቀረው። አጎቴ ፊቴን አዩ፤ ከፊቴ ወደማፈጥበት አዩ። ወደ አትሮንሱ ቀርበው ቅጠሉን ገለጡና ተደፍተው ሳሙት። ጋቢያቸው መጽሐፉን ሸፈነው። ቀና ሲሉ አንድ እጃቸው ጋቢው ውስጥ ነበር።

አስተርጓሚው መጽሐፍ መሳም ልማዳችን እንደ ሆነ ነገረው። መኮንኑ ደስ ብሎት ካሜራውን አወጣና፣ ለፎቶ እንደገና እንዲስሙ ጠየቀ። አጎቴ የአምስት ሰው ነፍስ ብብታቸው ሥር ይዘው እንደገና ተደፉ። ሰውዬው እስኪበቃው ድረስ እንደ ተደፉ ቆዩ። ከዚያ አመስግኖ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ዱላ ነበር የጠበቅሁት። ፎቶውን አውጥተው ብዙ አዩት።

«ወንድምህ ደኅና ነው?» አሉኝ።

ደኅና ነው አልኋቸው። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

«በሕማማት ለምን እንደማንሳሳም ታውቃለህ። በመሳም ማታለል የይሁዳ ነው። የፊተኛውን ስለ ልጁ ሳምሁ፤ እግዜር ያየዋል። ሁለተኛውን ግን ፈርቼ ነው የሳምሁት።»

ሁለቱም ስለ ልጁ ነው ብዬ ተከራከርኋቸው፤ ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ። አልሰሙኝም። በማግሥቱ ቁልፉን ለደብሩ አለቃ አስረከቡ። ምነው ሲባሉ ደክሞኛል አሉ፤ እኔንም እንዳልናገር አስማሉኝ።

ወንድሜ ጣሊያን ሲወጣ በሕይወት ገባ። ያ የመኮንኑ ፎቶም ባሕር ማዶ ካለው ቤተ መዘክር ተቀምጦ ይሆናል፤ የሚያየው ሁሉ መጽሐፉን የሚወድ ካህን ነው ይላል። አጎቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ፣ መጽሐፍ ሲያቀርቡላቸው በግንባራቸው ነክተው ይመልሱ ነበር እንጂ አልሳሙም።