በቆርቆሮ ቤት የቆለፍኩት ሳጥን

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም። አርባ ዓመት አብራኝ ለኖረችው ሚስቴም አልነገርኩም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀል ይሆናል ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌ ቢንከራተት ታገሡኝ። በደሉን ግን አላንከራትተውም። በአደራ የተሰጠኝን የሕመምተኞች ደም አበላሸሁ፤ አበላሽቼም ደህና ነው ብዬ አስረከብኩ። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ስሜ ለማ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በዋና ከተማው ዳር፣ ፉሪ ነው፤ አባቴ ጤፍ ይዘራበት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ሾፌር ነበርኩ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻዎቹን ዓመታት የነዳሁት በሽታ ለሚመረምር ላቦራቶሪ ነው። ሞያሌ ድረስ ወርጄ ሳጥን አመጣለሁ። ከድንበሩ ወዲያ፣ በጎረቤት አገር፣ ትንሽ ላቦራቶሪ አለ፤ ከባዱን በሽታ የሚለየው ማሽን ግን የለውም። ስለዚህ ሁለቱ አገሮች ተስማምተው እነሱ ደም ይልካሉ፣ እኛ መርምረን ውጤቱን እንነግራቸዋለን። በሽታ ኬላ ላይ ቆሞ አይፈተሽም ይሉን ነበር አለቆቻችን። እኔ ያኔ እስቅ ነበር።

ሳጥኑን የሚያስረክበኝ የወዲያኛው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ገልገሎ ነው። የቦረና ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ስለምንግባባ እንደ ታናሽ ወንድሜ አየው ነበር። በሄድኩ ቁጥር ሻይ ሳያጠጣኝ አይለቀኝም። ያን ቀን ግን ሻይ አላነሳም። በሰፈራቸው ፍየልና ግመል እየጨነገፈ፣ ሰዉም በትኩሳት እየወደቀ ነበር። በሽታው ከሚታረደው ከብት ደም ወደ ሰው ይተላለፋል ተብሎ ስለተፈራ፣ ሽማግሌዎቹ የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ብለው የከብት ገበያውን ዘግተዋል፣ እርድም ከልክለዋል።

«ኦቦ ለማ፣ ሕዝቡ ከዚህ በላይ አይታገሥም» አለኝ። «እናንተ አለ ካላችሁን ገበያው እንደተዘጋ ይቆያል። የለም ካላችሁን በማግስቱ ይከፈታል። ቃባሌ ደግሞ ቢላዋዋን ስላ ቁጭ ብላለች፤ እኔን እንኳ ልታርደኝ ምንም አልቀራት።»

ቃባሌ ሚስቱ ናት፤ ገበያው ውስጥ ሥጋ ትሸጣለች። ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ። ሳጥኑን መኪናው ላይ ጭነን ወጣሁ። ወቅቱ የግልገል ወቅት ነበር፤ በመንገዱ ዳር በዚያ ሁሉ መንጋ መሃል ግን አንድ ግልገል አላየሁም። እናቶቹ ብቻ ጡታቸው ተወጥሮ ቆመዋል። አየሁ፤ አየሁና ነዳሁ።

መንገድ ላይ አድሬ በማግስቱ ጠዋት ቡታጅራ ደረስኩ፤ ደንቡ እዚያ የሳጥኑን በረዶ ቀይር ይላል። ዋና ከተማው ቀርቧል ብዬ አለፍኩት። ይኼ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው።

ፉሪ ስገባ ድንኳን ተጥሏል። የእድራችን ዳኛ አቶ በቀለ ሞተዋል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ የተነጋገሩት አውቶብስ ቀርቶባቸዋል። የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ አስካለ መኪናዬን ስታይ መንገዱ መሃል ቆመች።

«ጋሽ ለማ፣ ጥሩምባ እየነፋህ ልታልፈን ነው?»

«የመሥሪያ ቤት ዕቃ ይዣለሁ፣ አስካለ። አደራ ነው።»

«ዕቃህን ዕቃ ቤት እንቆልፍልሃለን። አቶ በቀለ እናትህን በትከሻቸው ተሸክመው ነው የቀበሩልህ። ነው ወይስ አንተን መሥሪያ ቤትህ ይቀብርሃል?»

በዙሪያዋ የቆመው ሰው ሳቀ። ልቅሶ ቤት የሚሳቅብህ ሳቅ ከስድብ ይብሳል።

ታዲያ ይሉኝታ ይዞኝ ነው ልበላችሁ? ብዙ ዓመት ለራሴ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ይሉኝታ ቢሆን ኖሮ ሳጥኑን አድርሼ እመለስ ነበር፤ ቀብር ቢያመልጠኝ ሠልስት አለ። እኔ የፈለግሁት ያ የመሥሪያ ቤቱ ነጭ መኪና አገሬው ሁሉ እያየኝ ከአስከሬኑ ኋላ እንዲከተል ነበር። ከጤፍ ማሳ የወጣው ለማ ዛሬ ምን እንደሚነዳ እንዲያዩልኝ ነበር።

ለሰው ቦታ እንዲለቅ ሳጥኑን አወረድነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ድስትና ድንኳን የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ አስገብቼ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሰው እንዳይነካው ተጠነቀቅሁ። ፀሐይን አላሰብኩም። የገበሬ ልጅ ሆኜ፣ ቆርቆሮ በቀትር ምን እንደሚሆን እያወቅሁ፣ አላሰብኩም።

ከቀብር መልስ ሰዎቹን ድንኳኑ ድረስ አመጣሁ። እጅ ታጠብን፣ ንፍሮ ቀረበ። «እግዜር ይስጥልን ጋሽ ለማ» የማይል አልነበረም። ምርቃቱ ጣፈጠኝና ተቀመጥኩ። ዕቃ ቤቱን ስከፍት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ወበቁ ፊቴን መታኝ። የሳጥኑን ክዳን ስዳስሰው ሞቋል። ከፈትኩት፤ በረዶው ውሃ ሆኗል፤ የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር አልፎ ሄዷል። የደሙ ብልቃጦች ተደርድረው ቆመዋል፣ ከውጭ ሲያዩአቸው ምንም አልሆኑም።

አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ተበላሽቶብኛል፣ ሌላ ደም ይላክ ማለት ብቻ ነበር። ገበያው ጥቂት ቀን ተዘግቶ ይቆይ ነበር። እኔን አለቃዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ምን ይመጣብኝ ነበር? ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም።

ለቡ ስደርስ ፍሪጅ ካለው ሱቅ በረዶ የሠራ የላስቲክ ውሃ ገዝቼ ሳጥኑ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ከዚያ መኪናዬን ጥግ አስይዤ የመለኪያውን መርፌ እያየሁ ቁጭ አልኩ። እባብ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ እንደሚያዩት ነው ያየሁት። ቀስ እያለ ወረደ። ከቀዩ መስመር በታች ሲገባ ሞተሩን አስነሳሁ።

ላቦራቶሪው በር ላይ የተቀበለችኝ ሰናይት የምትባል ወጣት መርማሪ ናት። ቅጹን ይዛ፣ «አባባ፣ መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቶታል?» አለችኝ።

«ምን በወጣው፣ ልጄ።»

«እርስዎ ካሉማ ጨረስን» ብላ ፈገግ እያለች ፈረመች። እኔም ፈረምኩ።

ውጤቱ የለም ሆነ። ደሙ ውስጥ የነበረውን የበሽታ ምልክት ሙቀቱ አጥፍቶታል፤ ማሽኑ ያጣውን ከየት ያምጣው? መልእክቱ ተላከ፣ ገበያው ተከፈተ፣ ሳይታረድ የቆየው ከብት ሁሉ በአንድ ቀን ታረደ። ቃባሌም አርዳ ሥጋዋን ዘርግታ ተቀመጠች።

ሰዉ መውደቁን ስላልተወ የተላከው ሁለተኛ ደም በሌላ ሾፌር ሲመጣ ውጤቱ አለ ሆነ። ያኔ ግን ሰው በየቤቱ ወድቆ ነበር። ቃባሌ በስምንተኛው ቀን ሞተች። የሌሎቹን ቁጥር ጠይቄ አላውቅም፤ እንዳይነግሩኝ ፈርቼ ነው። ሰናይት በምርመራው ተሳስታለች ተብላ ከማሽኑ ተነሳች፤ እያለቀሰች ዕቃዋን ስትሰበስብ ካርቶኑን መኪና ድረስ የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ያኔም አፌ ነበረኝ። ከወዲያ ያሉትም እምነት አጥተው ደም መላካቸውን ተዉት። እኔ ጡረታ ወጣሁ።

ገልገሎ ግን አልተወኝም፤ በየበዓሉ ይደውላል። «ማሽናችሁ ነው የዋሸን። አንተማ በደህና አድርሰሃል» ይለኛል። ዝም እላለሁ። ዝምታዬን ሐዘን ያደርግልኛል።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። ስምምነቱ ሊታደስ ነው አሉ፤ ሳጥኑ እንደገና ሊመላለስ ነው። ሰሞኑን ዝናብ ከጣለ ወዲህ ከብቱ እንደገና እየጨነገፈ መሆኑንም ነገረኝ። ለአዲሶቹ ሾፌሮች ምክር የሚሰጥ ሰው ሲፈለግ ስሜን የሰጠው እሱ ነው። «አንድም ቀን ሳጥን ያላበላሸ ሽማግሌ አለ አልኳቸው» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

እዚያ ሾፌሮቹ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? አዲሶቹ ልጆችም እንደኔ እድር አላቸው፣ እንደኔ ሰው እንዲያያቸው ይፈልጋሉ። ዝም ካልኩ በዚያው መንገድ ሌላ ሳጥን ይሞቃል። ስለዚህ ቀድሜ ለገልገሎ እነግረዋለሁ፣ ቀጥሎ ለሰናይት፣ ከዚያ ለልጆቹ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተን ሰው አልገደልኩም። ገልገሎንም ይቅር በለኝ ብዬ አልጀምርም። ይቅርታ የሚለመነው የተደረገበትን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱ ገና አላወቀም። ነገ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስልክ ሲያነሳ ሁልጊዜ የሚቀድመው «ጤናህ እንዴት ነው፣ ኦቦ ለማ?» ማለት ነው። ነገ ያንን ከመጠየቁ በፊት ልቀድመው ይገባል።