ጆታም ዱላውን የረሳ ዕለት

ጆታም ፌልት በቦስተን ወደብ አጠገብ ባለው መንገዳችን ሠላሳ ዓመት ጎንበስ ብሎ ጫማ ሰፍቷል። የኮንስታብልነቱን፣ የሰፈር ሕግ አስከባሪነቱን ሹመት ያገኘው ፈልጎ አይደለም። በየመጋቢቱ የከተማው ጉባኤ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ገንዘብ ያለው መቀጫ ከፍሎ ከሹመቱ ያመልጣል፤ ጆታም ግን የለውም። ጥቁሩን የሹመት ዱላ ሰጡት፣ ከበሩ ኋላ አቆመው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጉምሩክ ሹሙ ክሬል መጣ። የያዘው የእንግሊዙ ንጉሥ የመበርበሪያ ወረቀት የማንንም ስም አይጠራም፣ የሁሉንም ቤት ይከፍታል። የሚያስፈልገው የቀን ብርሃንና አንድ ኮንስታብል ብቻ ነው።

«የባልቴቷን የኬዛያን ምድር ቤት ልፈትሽ ነው፤ ተነሥ!»

ለኬዛያ ከሟች ባሏ የቀራት ቀረጥ ያልተከፈለበት ስድስት በርሜል ወይን ብቻ ነው። ይህን መንገዱ ሁሉ ያውቃል፤ ጆታምም ያውቃል።

ሲደርሱ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ኬዛያ መጥረቢያ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«ወንድም ጆታም፣ የኔን በር ልትሰብር ነው ጫማህን አጥብቀህ ያሰርከው?»

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ሹመት ነው።»

«አምና የአሳማ ጠባቂ ሾሙህ፣ ዘንድሮ ደግሞ የኛ!»

«አሳማዎቹስ ያከብሩት ነበር!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁበት።

«አስከፍት!» አለ ክሬል።

ጆታም እጁን አነሣ፤ ባዶ ነው። ዱላውን ከልቡ ረስቶታል።

«ያለ ዱላዬ ሥልጣን የለኝም ጌታዬ። ላምጣው።»

ዳገቱን ወጣ። ዱላውን ከበሩ ኋላ አነሣና ለአፍታ በርጩማው ላይ አረፍ አለ። ሚስቱ ታማር የሰንበቱን ባቄላ ምድጃ ውስጥ እያስገባች ነበር።

«አትሄድም?»

«እሄዳለሁ።»

በመስኮቱ አየ። ፀሐይዋ ጣሪያዎቹ ላይ ለመድረስ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷታል። ቢፈጥን ይደርሳል።

«ደክሞኛል፣ ታማር» አለ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

ፀሐይ ጠለቀች፤ ሰንበት ገባ፤ እስከ ሰኞ ፍተሻ የለም። ክሬል ወረቀቱን አጣጥፎ እየተራገመ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ክሬል ሲመለስ ጆታም ዱላውን ይዞ ከፊት ነበር። ኬዛያ ራሷ ከፈተች። ምድር ቤቱ ባዶ ነው። በሰንበት መርፌ እንኳ የማያነሣው መንገዳችን፣ በርሜሎቹን ማን እንዳንከባለለ እስከ ዛሬ አልጠየቀም።

መጋቢት ሲደርስ ጆታም ዱላውን ሊያስረክብ ጉባኤው ፊት ቆመ።

«ወንድሞቼ፣ ጉልበቴ አልቋል፤ አሰናብቱኝ።»

«እኛስ የፈለግነው እሱኑ ያለቀውን ጉልበት አይደል!» አለው አንዱ፤ እንደገና ሊመርጡት የሁሉም እጅ ወጣ።

ጆታም ዱላውን ተደግፎ ዳገቱን ወጣ።