ማጠራቀሚያ የሌለው ማሽን

በሆስፒታሉ የልብ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ጋሽ ጭጭ የሚባል ሰው አለ። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ከእሱ ሌላ ምን ይጠበቃል! ሥራው፣ ልብ ቆሞ በሚጠገንበት ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራውን ማሽን መቆጣጠር ነው። ፀጉሩ የሸበተው እዚያ ማሽን አጠገብ ነው።

ዝምታው ግን ከተፈጥሮው ብቻ የመጣ አይደለም። ዋናው ሐኪም በሥራ ላይ ወሬ አይወዱም። መቀስ እንኳ ሲወድቅ "ይሄ ገበያ አይደለም!" ይላሉ። ስለዚህ ጋሽ ጭጭ ችግር ሲገጥመው ለብቻው ይወጣዋል። ከበሽተኛው በሚመጣው ቱቦ አየር ቢገባ፣ ደሙ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ለፊቱ ባለው ትልቅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ስለሆነ፣ አየሩ እዚያው ተንሳፍፎ ይወጣል። እሱም ቱቦውን መታ መታ ያደርጋል፤ ሐኪሙ ሳያውቁ ነገሩ ያልፋል።

በቅርቡ ለክፍሉ የመጣው አዲስ ማሽን ግን ይህ ማጠራቀሚያ የለውም። ቱቦዎቹ አጫጭር ናቸው፤ የሚሞላባቸው ፈሳሽም ጥቂት ስለሆነ የበሽተኛው ደም እምብዛም አይቀጥንም። አየር ከገባ ግን ማሽኑ ራሱን ያቆማል። ሊያሠለጥናቸው የመጣው ባለሙያ "ከዚህ ጋር ዝምታ አይሆንም" አላቸው። "ሐኪሙ ቱቦውን ሊነኩ ሲሉ ይናገራሉ፤ አንተም ያየኸውን ወዲያው ትናገራለህ።" ሐኪሙ ሰዓታቸውን አዩ። ጋሽ ጭጭ ጫማውን አየ።

የመጀመሪያዋ ታካሚ መጋረጃ እየሰፋች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ደሟ ትንሽ፣ ለእሷ የሚስማማ ደምም የማይገኝ ስለሆነ ተስፋዋ አዲሱ ማሽን ነበር። ባሏ በር ላይ የጋሽ ጭጭን እጅ ይዞ "አደራህን፣ ወንድሜ" አለው።

"አይዞህ" አለ ጋሽ ጭጭ። ለእሱ ይህም ንግግር ነው።

ቀዶ ጥገናው ሲጋመስ ሐኪሙ ልቧን ቀና ለማድረግ ሲሞክሩ፣ ምንም ሳይናገሩ ቱቦውን ገፋ አደረጉት። ጋሽ ጭጭ በቱቦው ውስጥ ነጭ አረፋ ሲሮጥ አየ። እጁ እንደ ልማዱ ማጠራቀሚያው ወደነበረበት ሄደ። ምንም የለም። አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ምራቁን ዋጠ። ማሽኑ ጮኸና ቆመ።

"አየር ገብቷል! ቱቦውን ተወው! ተወው አልኩህ!"

የጮኸው ጋሽ ጭጭ ነበር፤ ክፍሉ ክው አለ። በሐኪሙ ላይ የጮኸ ሰው እስከዚያ ቀን አልተፈጠረም ነበር። እሳቸውም እንደታዘዘ ልጅ እጃቸውን አነሱና አየር የገባበትን ቀዳዳ ያዙ። ጋሽ ጭጭ አየሩን አስወጣ፤ ማሽኑ ተነሣ፤ ደሙም መዞር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ እህል ውሃ አላሰኝ አለው። ትነቃ ይሆን? ቤቱ ሲገባ ሚስቱ "እንዴት ዋልክ?" አለችው። "ደህና" አለ እንደ ወትሮው፣ እራቱንም ሳይነካ ተኛ።

በማግስቱ ሴትየዋ ነቃች። ባሏን አወቀችው፤ ውሃም ጠየቀችው። የግራ እጇ ጣቶች ግን እንቢ አሉ። ከአየሩ ይሁን ከሌላ፣ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ባሏ "እሷ ትኑርልኝ እንጂ ሌላው ምን አለበት!" እያለ የጋሽ ጭጭን ትከሻ ሳመ። እሷ ግን እጇን የሰው ዕቃ ይመስል ትኩር ብላ እያየች፣

"ጨርቁን የምይዘው በዚህ ነበር" አለች።

ጋሽ ጭጭ ምራቁን የዋጠባት ያቺ ቅጽበት ትዝ አለችው። ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።

በቀጣዩ ቀዶ ጥገና ዋናው ሐኪም ሥራቸውን ድንገት ገታ አደረጉ። ነርሶቹ መቀስ የወደቀ መስሏቸው ወለሉን አዩ።

"ቱቦውን ልነካ ነው" አሉ ሐኪሙ ጮክ ብለው።

"ሰማሁ" አለ ጋሽ ጭጭ። ድምፁ ከጭምብሉ ሥር ተቆራረጠ። ምነው ይህች አንዲት ቃል ለዚያች ሴት ደርሳላት ቢሆን!

"ምነው? ችግር አለ?" አሉ ሐኪሙ።

"የለም፤ እያየሁ ነው" አለ፣ ዓይኑን ከቱቦው ሳይነቅል።