ከነጭ ድንጋዮቹ ውጭ

እኛ የምንጫወትበት የካርቱም ጎልፍ ሜዳ ሣር የለውም፤ አሸዋ ነው። ስለዚህ ተጫዋች ሁሉ ቁራጭ የፕላስቲክ ሣር ይዞ ይዞራል፤ ኳሱንም እላዩ ላይ አስቀምጦ ይመታል። ይህ የሚፈቀደው ግን ነጭ በተቀቡት ድንጋዮች መካከል ብቻ ነው። ከዚያ የወጣ ኳስ አሸዋው ላይ እንዳለ ይመታል።

ጨዋታውን ሰው እያየሁ ለብቻዬ ተማርኩ፤ በማስተማሩም ሃያ ዓመት ኖርኩበት። ዋናው አሰልጣኝ ጡረታ ሲወጣ፣ ቦታው ሜዳው ላይ በሚደረግ ውድድር ለሚያሸንፍ ይሰጣል ተባለ። የእኔን ውጤት የምትመዘግበው አብራኝ የምትጫወተው ትልቋ ልጄ ነበረች።

ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ስንጫወት ኳሴ ከድንጋዮቹ አንድ እርምጃ አለፈ። ማለፉን እያየሁ ሣሬን አንጥፌ መታሁ።

«አባባ፣ ውጭ ነበር።»

«ያላ፣ ሂጂ! ከመቼ ወዲህ ነው ዳኛ የሆንሽው?»

«እርስዎ ካስተማሩኝ ወዲህ።»

ሁለት ምት ቅጣት ጻፈችብኝ፤ በጎልፍ ደግሞ የሚያሸንፈው ትንሽ ምት የመታ ነው። በአንድ ምት ተሸነፍኩ፤ ቦታውም ለሌላ ሰው ሆነ።

ወደ ቤታችን ወደ ኦምዱርማን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አኮረፍኳት። ልጅን እውነት ተናገሪ ማለት ቀላል ነው፤ በራስ ላይ ሲነገር መስማት ግን መራራ ነው። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር «ልክ ነሽ» አልኳት።

«አሁን ነው እንዴ የሚሉኝ!» አለችና ሳቀች።